ዝናቡ እስኪያባራ አንጠብቅም



የመቱ ሰዎች፣ የተጋበዝኩት ስለ ሰውነት እንቅስቃሴና ስለ አበላል እንድናገር ነው። ከዝናቡ ልጀምር። በዚህ አገር ስፖርት ለመጀመር የታሰበ ሐሳብ የሚሞተው በዝናብ ነው። ሰው ማታ ላይ ይወስናል፤ «ከነገ ጀምሮ ጎህ ሲቀድ እሮጣለሁ» ይላል። ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ ያድራል። ጠዋት መንገዱ ጭቃ፣ ጫማው አንድ፣ ሰማዩ ጥቁር ነው። «ሲያባራ እጀምራለሁ» ይላል፤ እዚህ ደግሞ ሲያባራ ማለት ኅዳር ማለት ነው። ኅዳር ሲገባ ቡናው ይደርሳል፣ ለቀማው፣ ማስጣቱ፣ ገበያው ይመጣል። ከዚያ በዓሉ ይከተላል። ከዚያ እንደገና ዝናብ።

ጎሬ ላይ በዓመት የሚወርደው ዝናብ ወደ 2000 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። አዲስ አበባ የሚያገኘው 1200 ቢሆን ነው። እንጦጦ ዳገት ላይ ወይም ሱሉልታ ሜዳ ላይ ሲሮጡ የምናያቸውን አትሌቶች ማድነቅ አንድ ነገር ነው፤ የእነሱን ልማድ እንዳለ አምጥቶ ኢሉባቦር ላይ መትከል ሌላ ነገር ነው። ለዝናብ አገር የሚሆነው ስፖርት ጣራ ሥር የሚሠራው፣ በገዛ ሰውነት ክብደት የሚሠራው ነው። አንድ ሰሌን የሚነጠፍበት ቦታ ይበቃዋል። ጂም አይጠይቅም፣ መብራት ቢጠፋም አይቆምም።

ግን መጀመሪያ፣ ለምን ያስፈልገናል? አያቶቻችን ስፖርት ሠርተው አያውቁም፣ ነገር ግን ጠንካሮች ነበሩ የሚል ሰው እዚህ እንዳለ አውቃለሁ። እውነቱን ነው። ስፖርት አልሠሩም፣ ምክንያቱም ሸክም ነበራቸው። ጎሬ የኢሉባቦር ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን የዚህ አገር ቡና ወደ ውጭ የሚወጣው በጋምቤላ በኩል ነበር። ከጎሬ ከፍታ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ካለው ደጋ፣ በበቅሎና በሰው ጀርባ እየተጫነ ጋምቤላ ቆላ ድረስ ይወርዳል፤ 1500 ሜትር ገደማ ቁልቁለት ነው። ክረምት ላይ ባሮ ሲሞላ ከሱዳን የሚመጣው የእንፋሎት መርከብ ቡናውን ይጭናል። ተሸካሚው ደግሞ ጨውና ጨርቅ ይዞ ያንኑ መንገድ ሽቅብ ይመለሳል። ለዚህ ሰው ስለ ቁጭ ብድግ ቢነገረው ይስቅ ነበር፤ ይገባዋልም። ዛሬም ጫካ ውስጥ ቡና የሚለቅም፣ ዛፍ ላይ ወጥቶ ቀፎ የሚሰቅል ገበሬ የእኔን ምክር አይፈልግም። እሱ የሚፈልገው ዕረፍትና የተሻለ ዋጋ ነው።

ምክሩ የሚያስፈልገን እኛ ከተማ ገብተን የተቀመጥነው ነን። ከቤት ደጃፍ ባጃጅ፣ ከባጃጅ ወንበር፣ ከወንበር ሶፋ። ሸክሙ ከላያችን ወርዷል፣ ማዕዱ ግን የሸክም ሰው ማዕድ እንደሆነ ቀርቷል። ቀኑን ሙሉ ሲያርስ የዋለ ሰው የሚበላውን ያህል ቀኑን ሙሉ ማኅተም ሲመታ የዋለ ሰውም ይበላል። ቦርጭ ደግሞ እስከ ቅርብ ጊዜ የደላው ሰው ምልክት ነበር። አሁንም ሰው ሲወፍር «ተመችቶሃል» የሚል አለ፤ ሲከሳ ደግሞ «ምን ሆነሃል?» ይባላል።

መቀመጥ ብቻውን ይህን ያህል ይጎዳል ወይ ለሚል፣ አንድ የቆየ ጥናት ልንገራችሁ። ጄሪ ሞሪስ የሚባል ብሪታንያዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1953 ያሳተመው ነው። የለንደን ከተማ አውቶቡሶች ባለ ሁለት ፎቅ ናቸው። በዚያን ጊዜ ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይነዳ ነበር፤ ትኬት ቆራጩ ቀኑን ሙሉ ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ ይውል ነበር። አንድ መሥሪያ ቤት፣ ተቀራራቢ ደመወዝ፣ አንድ መኪና። ሞሪስ ሲቆጥር በልብ ሕመም የሚያዙትና የሚሞቱት ሾፌሮቹ በዝተው አገኛቸው። ሰውየው ግን በዚህ አልረካም፣ የምወድለትም ይህን ነው። ሾፌሮቹ ከመጀመሪያውም ወፍራሞች ቢሆኑስ ብሎ መሥሪያ ቤቱ የሚሰፋላቸውን የደንብ ልብስ ልኬት አገላበጠ፤ የሾፌሮቹ ሱሪ ወገብ ገና ሲቀጠሩም ሰፋ ያለ ነበር። ስለዚህ ነገሩ ሙሉ በሙሉ የወንበሩ ጥፋት አይደለም። ሆኖም በእግራቸው ደብዳቤ የሚያድሉትን ፖስተኞች ተቀምጠው ስልክ ከሚያገናኙት ሠራተኞች ጋር ሲያስተያይ ያው ልዩነት መጣ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያላችሁ የባጃጅ ሾፌሮች፣ መናኸሪያ ላይ ጆንያ ከሚሸከመው ጓደኛችሁ ይልቅ እናንተን ብመክር አትቀየሙኝ።

በአገራችንም ቁጥሩ አለ። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2015 በመላ አገሪቱ ባካሄደው ጥናት፣ ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆናቸው ሰዎች ከመቶ 16 ያህሉ የደም ግፊታቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። የደም ግፊት ሳያምም ስለሚሠራ ብዙ ሰው መታመሙን የሚያውቀው ሐኪም ቤት በሌላ ጉዳይ ሲሄድ ነው፤ አንዳንዱም አንድ ጎኑ አልታዘዝ ሲለው ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

ከሁሉም አስቀድሜ የማነሣው ቁጭ ብድግን ነው። ስሙን ስጠራ ፈገግ ያላችሁ አላችሁ። ትምህርት ቤት አርፍደን ስንመጣ፣ የቤት ሥራ ሳንሠራ ስንቀር፣ ጆሯችንን ይዘን የሠራነው ቅጣት ነው። አስተማሪዎቻችን ሳያውቁት ከእንቅስቃሴ ሁሉ ምርጡን ለቅጣት አውለውት ነው ያደግነው። ይኸው እስከ ዛሬ ትልቅ ሰው ቁጭ ብድግ ሲል የተቀጣ ይመስለዋል። ቁጭ ብድግ የሚያሠራው ጭንና ዳሌን ነው፤ የሰውነታችን ትልልቆቹ ጡንቻዎች እዚያ ናቸው። ጡንቻ ሲሠራ ከደም ውስጥ ስኳር ስቦ ያቃጥላል፤ ኢንሱሊን እምቢ ባለበት ሰው እንኳ በሥራ ላይ ያለ ጡንቻ ስኳሩን መሳቡን አይተውም። ትልቁን ጡንቻ ማሠራት ማለት ትልቁን ማቃጠያ መክፈት ማለት ነው።

አሠራሩ እንደ ቅጣቱ በጥድፊያ አይደለም። እግርን በትከሻ ስፋት ከፍቶ፣ ተረከዝን ከመሬት ሳያነሡ፣ ከኋላ በርጩማ እንዳለ አድርጎ ቀስ ብሎ መውረድ፤ ሦስት እስኪቆጠር። መነሣቱ ፈጠን ሊል ይችላል። ጉልበታቸው ለሚያስቸግራቸው እውነተኛ ወንበር ይኑር፤ ሙሉ በሙሉ ይቀመጡና ይነሡ። አባቶችና እናቶች፣ ለእናንተ አንድ መለኪያ አለ። እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አመሳቅላችሁ በ30 ሴኮንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ከወንበር ተነሥታችሁ መቀመጥ እንደምትችሉ ልጆቻችሁ ይቁጠሩላችሁ። ከ60 እስከ 64 ዓመት ላይ ያለ ወንድ ከ14፣ ሴት ከ12 በታች ከሆነ እግር እየደከመ ነው፣ የመውደቅ አደጋም አለ ማለት ነው። በጭቃ አገር መውደቅ ቀላል ነገር አይደለም፤ የተሰበረ ዳሌ ሽማግሌን አልጋ ላይ ያስቀራል።

ሁለተኛው ፑሽ አፕ ነው። ወጣቶቹ ይህን ትወዱታላችሁ፣ ደረት ስለሚያወጣ። መሬት ላይ ሲሠራ እጃችን የሚሸከመው ከሰውነታችን ክብደት ሁለት ሦስተኛ ገደማውን ነው። ይህ ለጀማሪ ብዙ ነው፤ ብዙ ሰው የመጀመሪያ ቀን ሦስት ሞክሮ፣ አፍሮ የሚተወውም ለዚህ ነው። እጃችሁን 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ነገር፣ ለምሳሌ በጠንካራ አግዳሚ ወንበር ላይ ብታሳርፉ ሸክሙ ወደ 40 ከመቶ ይወርዳል። ግድግዳ ላይ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ ከግድግዳ ጀምሩ፣ ከወር በኋላ ወደ አግዳሚው፣ ከዚያ ወደ መሬት ውረዱ። ጉልበትን መሬት አስነክቶ መሥራትም ያስኬዳል፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው፣ እኔ ግን ዛሬ ይዛችሁ እንድትሄዱ አብልጬ የምፈልገው ነው። ጀርባን ግድግዳ አስደግፎ፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ያህል ጭንን አጋድሞ፣ ሳይነቃነቁ መቆየት። ወንበር የለም፤ የሚሸከመው ጭን ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ብሪቲሽ ጆርናል ኦፍ ስፖርትስ ሜዲሲን ላይ የወጣ ጥናት 270 ሙከራዎችን አንድ ላይ አድርጎ ሲመረምር፣ በዕረፍት ጊዜ የሚለካን የደም ግፊት በማውረድ ከሩጫም፣ ከክብደት ማንሣትም የበለጠው እንዲህ ያለው ሳይነቃነቁ የሚሠራ እንቅስቃሴ ሆኖ ተገኘ። የላይኛውን ቁጥር በአማካይ በ8 ገደማ፣ የታችኛውን በ4 ገደማ ዝቅ አድርጓል። በሙከራዎቹ የተለመደው አሠራር ሁለት ደቂቃ መቆየት፣ ማረፍ፣ ይህንኑ አራት ጊዜ መደጋገም፣ በሳምንት ሦስት ቀን ነው። ጀማሪ ሁለት ደቂቃ አይችልም፤ ሃያ ሴኮንድ ይጀምር፣ ጭኑን ብዙ አያጋድም። አንድ ነገር አደራ፦ ትንፋሽ አይያዝ። ትንፋሽ ይዞ ማማጥ ግፊቱን በዚያው ቅጽበት ያንረዋል። ግድግዳው ደግሞ ጭቃ ምርጊት ከሆነ አሮጌ ጨርቅ ከጀርባ አድርጉ፤ ሸሚዙ ይተርፋል፣ የቤት እመቤትም አትቆጣም።

በገዛ ሰውነት ክብደት የሚሠራ ስፖርት አንድ ጉድለት አለው። መግፋት እንጂ መሳብ አያስተምርም፤ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ያጎነበሰ ትከሻን የሚያቀናው ደግሞ መሳብ ነው። መፍትሔው ኩሽና ውስጥ አለ። ሃያ ሊትር ጀሪካን ግማሹን ውኃ ሲሞላ አሥር ኪሎ ይሆናል። ወገብን ሳያጎብጡ ጎንበስ ብሎ፣ ክርንን ወደ ኋላ እየሳቡ ጀሪካኑን ወደ ሆድ ማምጣት ነው። የስፖርት ቤት ብረት ለመግዛት ብር ከማውጣት ውኃው ይሻላል፤ ሲጨርሱ እግር ይታጠቡበታል።

ስለ ጀሪካን ሳነሣ እናቶችና እህቶች ምን እያላችሁ እንደሆነ ይሰማኛል። ውኃ የሚቀዳው፣ እንጨት የሚለቀመው፣ ልጅ የሚታዘለው በማን ጀርባ ነው? በእናንተ። ስለዚህ ለገጠሯ እናት ስፖርት ሥሪ ብዬ አልሰብክም። ከተማ ውስጥ ሱቅ ወይም ቢሮ ተቀምጣ የምትውለዋ ግን ከባሏ የበለጠ ችግር አለባት፤ እሱ ሜዳ ወጥቶ ኳስ ቢጫወት የሚያየው የለም፣ እሷ ብትሮጥ መንደሩ ያያታል። ቤት ውስጥ በር ዘግቶ የሚሠራው ለእሷ ከዝናቡም በላይ ከዓይን መሸሸጊያ ነው። የባል ድርሻ ያንን ሃያ ደቂቃ ልጆቹን ይዞ መውጣት ነው።

መጠኑን ለሚጠይቅ፦ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ ልብን ሞቅ የሚያደርግ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። ሁለተኛውን ቤት ውስጥ ጨረስነው። የመጀመሪያው ባጃጁን ለዳገት ብቻ አስቀርቶ ወደ ሥራ በእግር መሄድ ነው፤ ጃንጥላ ይዞም ይሆናል። በወር አንድ እሑድ መንገድ ተዘግቶ በእግር መሄዱ ከኅዳር 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየከተማው ታይቷል፣ ጥሩ ነው፤ ቀሪዎቹ ቀናት ግን የእኛ ናቸው።

ወደ ማዕዱ ልሻገር።

አስተውሎ መብላት የሚባል ምክር አሁን በየመጽሔቱ ይወጣል። ሲነበብ አዲስ ይመስላል፤ ቀስ ብለህ ብላ፣ ምግቡን እያየህ ብላ፣ ሌላ ሥራ አትሥራ፣ ስትጠግብ አቁም። የእኛ ገበታ ይህን ሁሉ ሥርዓት አድርጎ ይዞት ነበር። መጀመሪያ እጅ ይታጠባል። ይጸለያል፣ ይመረቃል። ታላቅ ሳይጀምር ታናሽ አይጀምርም። ከፊት ለፊት ይበላል እንጂ እጅ ወደ ሰው ፊት አይሄድም። ጨዋታ አለ። ሆድ መሙላቱን ለአእምሮ እስኪያስታውቅ ሃያ ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፤ ይህ ሥርዓት ሃያውን ደቂቃ ይሰጠው ነበር። አሁን ባል ቴሌቪዥን እያየ፣ ልጅ ስልክ እየነካካ፣ እናት ቆማ። በአምስት ደቂቃ ትሪው ባዶ ነው፣ አእምሮ ገና ወሬው አልደረሰውም።

ገበታችን ጥፋት የለበትም አልልም። አንድ ትሪ ላይ ለአራት ስንበላ ማን ስንት እንደበላ አይታወቅም። ጉርሻ አለ፤ አንዱ ያጣላል ይባላል፣ ሁለት ይሆናል፣ ሦስት ይሆናል። እንግዳ ሲሆኑ ደግሞ «በሞቴ!»፣ «አፈር ስሆን!» አለ። ጠግቤያለሁ ያለ ሰው የቤቱን ባለቤት የሰደበ ይመስላል። ይህን እንተው ማለት አያዋጣም፤ ማንም አይተወውም። ግን «አፈር ስሆን» የሚባለው ለጎመኑ ቢሆንስ? ለሁለተኛ እንጀራና ለቅቤው ከሚሆን ለጎመኑና ለአቮካዶው ይሁን። ከላይ የጠቀስኩት የ2015 ጥናት ከመቶ 97 የሚሆነው ሰው የሚመከረውን ያህል አትክልትና ፍራፍሬ እንደማይበላ ያሳያል። ድርቅ አገር ላለ ሰው አልፈርድበትም። ጎመን ከጓሮ፣ አቮካዶና ሙዝ ከገበያ፣ ጎደሬ ከማሳ በሚገኝበት ኢሉባቦር ግን ምን ብለን እንመልሳለን? አቮካዶውን ለነጋዴ ሸጠን በብሩ ፓስታና የሚረጋ ዘይት ገዝተን የምንገባ ሰዎች ነን። የሚረጋው ዘይት፣ ፓልሙ፣ ግማሽ ያህሉ ልብ የማይወደው ዓይነት ስብ ነው። ኑጉ ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ስለዚህ የምመክረው ውዱን ግዙ ሳይሆን ከምትጨምሩት ግማሹን ብቻ ጨምሩ ነው፤ ወጡ ላይ ዘይት መንሳፈፍ የለበትም።

ቡና ላይ ልምጣ፤ እዚህ አገር ቡናን የሚነካ ተናጋሪ በሰላም አይወጣም። እኔ ቡናውን አልከስስም። ሒሳቡን ብቻ እንሥራ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ በእያንዳንዱ ስኒ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ቢገባ ስድስት ማንኪያ፣ 24 ግራም ገደማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለቀን ቢሆን ይሻላል የሚለው ደግሞ 25 ግራም ገደማ ነው። ጠዋት በቤታችን፣ ከሰዓት በጎረቤት ቤት ከጠጣን እጥፍ ሆነ። በመሐል አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ካለ ሌላ ከ30 ግራም በላይ ተጨመረ። በየሁለት ሳምንቱ ከእያንዳንዱ ስኒ ሩብ ማንኪያ ቀንሱ፤ ምላስ ይለምዳል፣ ቡናውም ይታወቃል። በጨው የምትጠጡ የገጠር ሰዎች ደስ አይበላችሁ። በዚያው የ2015 ጥናት አንድ ኢትዮጵያዊ በቀን የሚወስደው ጨው በአማካይ 8.3 ግራም ነው፣ የሚመከረው ከ5 በታች ነው። ግፊት ያለበት ሰው ጨው ያለበትን ቡና ቢተው ይጠቅመዋል።

ጾምን በተመለከተ፣ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ሆድን ማቆም የሚያስተምሩ ትልልቅ ትምህርት ቤቶች ናቸው። ችግሩ ያለው ፍቺው ላይ ነው። የ55 ቀን ሁዳዴ በአንድ ሌሊት በክትፎ ይካሳል፤ የረመዳን ቀን በዘይት በተጠበሰ ሳምቡሳ ይዘጋል። አፍጥራችሁ ውኃና ቴምር ወስዳችሁ፣ ሰግዳችሁ፣ ከዚያ ወደ ምግብ ብትመጡ በመሐል የሚያልፈው ጊዜ ራሱ ግማሽ ሥራ ይሠራል።

ከአዳራሹ የሚነሣውን ጥያቄ ቀድሜ ልመልስ። «ይህን ብሠራ ቦርጬ ይጠፋል ወይ?» በስፖርቱ ብቻ አይጠፋም። ሰባ ኪሎ የሚመዝን ሰው ሃያ ደቂቃ ቁጭ ብድግና ፑሽ አፕ ሠርቶ የሚያቃጥለው አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ከሚሰጠው ጉልበት ብዙ አይበልጥም። ክብደት የሚቀንሰው በትሪው ነው፤ ስፖርቱ የሚጠብቀው ጡንቻውን፣ ልቡንና ግፊቱን ነው። ሰው ከ30 ዓመቱ በኋላ ካላሠራው በየአሥር ዓመቱ ከጡንቻው ከ3 እስከ 8 ከመቶ ያጣል፤ በምግብ ብቻ የሚከሳ ሰው ደግሞ ስቡን ብቻ ሳይሆን ጡንቻውንም አብሮ ያጣል። በሁለት ሳምንት ሆድ ያጠፋል ተብሎ የሚሸጠውን ሻይ አትግዙ፤ አብዛኛው የሚያስቀምጥ መድኃኒት ነው፣ የሚያወጣውም ውኃ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት፣ በተለይ ከ40 ዓመት በላይ የሆናችሁ፣ ስትንቀሳቀሱ ደረታችሁን የሚጨምቃችሁ፣ የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ፣ ነፍሰ ጡሮችም፣ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተማከሩ። ግፊታችሁን አስለኩ። ከመለካታችሁ በፊት አምስት ደቂቃ ተቀምጣችሁ እረፉ፣ ከግማሽ ሰዓት ወዲህ ቡና አትጠጡ፣ እጃችሁን ጠረጴዛ ላይ አሳርፉ። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉትና ከሦስት ወር በኋላ በዚያው እጅ እንደገና አስለኩት። የጀመራችሁትን መድኃኒት ቁጥሩ ወረደ ብላችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ወረቀቱን ለሐኪሙ አሳዩት።